የአስማረ ፒካፕና የሳንቃ ቃሬዛ

አዘዞ ውስጥ አስማረን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያችን አሮጌ ፒካፕ መቼ እንደሚሸጣት ሳይጠይቀው አያልፍም። ትንሽ ናት፤ ጋቢናዋ ሁለት ሰው በወግ፣ ሦስት ሰው በመከራ ትይዛለች። የቀኝ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። የኋላ መጫኛ ካሶኒዋን ዝገት በልቶታል። ከሆዷ የሚንጠባጠበው ዘይት የጋራ ግቢውን ንጣፍ ድንጋይ አጥቁሮታል፤ በዚሁ ሰበብ ጎረቤቶቹ ሰላምታ ከነፈጉት ቆይተዋል። አስማረ ግድ አልነበረውም። እንዲያውም ቅዳሜ ጧት ሰው ሁሉ እንቅልፍ ላይ ሳለ ሞተሯን አስነስቶ ያስጓራት ነበር፤ ለማሞቅ ብቻም አልነበረም።

ሚስቱ ፅዮን በሆስፒታል ፋርማሲ ትሠራለች፣ እሱ እዚያው የራጅ ባለሙያ ነው። ሥራ የሚሄዱት በነጯ ቪትዝ ነው። ቪትዟ ትታጠባለች፣ ትወለወላለች፣ ሰርግ ትጠራለች። ፒካፗ ሁለተኛ መኪና ናት፤ በሁሉም ነገር ሁለተኛ። «ሰው ሁለት መኪና ካለው ሀብታም ነው ይባላል፤ እኛ ግን ባንደኛዋ እየዞርን ለሁለተኛዋ ዕቃ ስንፈልግ ነው የምንኖረው» ትላለች ፅዮን። ስትናገረው አትስቅም።

አስማረ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየውም። እናቱ ወይዘሮ ወለላ የሚኖሩት ከአምባጊዮርጊስ አስፋልቱ ተለቆ በሚገባበት ሳንቃ በሚባል አገር ነው። መንገዱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ በቅሎ ይውጣል። ይህች ፒካፕ ግን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ዋልካው ላይ ሲደርስ ይወርድና በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጁ ያዞራል፤ ተመልሶ ይገባና ትንሿን ዘንግ ይስባል። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለች፣ እያቃሰተች፣ ትወጣለች። የመሥሪያ ቤት ትልልቅ መኪኖች ተይዘው፣ ሹፌሮቻቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን ሲራገሙ እሱ በአጠገባቸው ያልፋል። ሲያልፍ ክላክስ ያደርጋል። በራጅ ክፍሉ ውስጥ በሠራባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት አያውቅም።

ስለ ሳንቃ ቃሬዛ ካልተነገረ የቀረው አይገባም። ሳንቃ ሐኪም የለም። ሰው ሲታመም ጡሩምባ ይነፋል፤ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ጠፍር የተወጠረበት ቃሬዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይወጣል፤ ተረኞቹም በሽተኛውን ተሸክመው በተራራው ጫፍ በሚሄደው የገመገሙ መንገድ አምባጊዮርጊስ ያደርሳሉ። ተራ ሲደርሰው እያንዳንዱ ቤት አንድ ወንድ ይሰጣል። ይህን «ትከሻ ማውጣት» ይሉታል። ትከሻ የማያወጣ ቤት ሰው ሲታመምበት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከዚህ ሕግ ነፃ የሚሆኑት ባልም ወንድ ልጅም የሌላቸው ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የእነሱን ቤት «ትከሻ የሌለው ቤት» ይሉና አገሩ ያለ ምንም ውለታ ይሸከማቸዋል።

የአስማረ አባት በሕይወት ሳሉ ትከሻው የእሳቸው ነበር። ሲሞቱ ተራው ወደ አስማረ ዞረ። አስማረ ደግሞ ከተማ ነው፣ ሥራ አለው፣ አንገቱም ለእንጨት አልተሠራም። ስለዚህ የቃሬዛው ዳኛ አያ ሰጠኝ ዘንድ ሄደና በትከሻ ፈንታ ፒካፗን ሊሰጥ፣ በተጠራ ጊዜ መጥቶ በሽተኛ ሊያወርድ ሐሳብ አቀረበ። አያ ሰጠኝ አስማረን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። «ማኪና አትደክምም። ተራ ማለት ደግሞ መድከም ነው። ይሁን እስቲ፣ እንያት» አለው።

ስምምነቱ አንድ ዓመት ሠራ። አስማረ መጣ፣ ጫነ፣ አወረደ። ነገር ግን አንድ በሽተኛ ሲጫን አስታማሚው ይግተለተላል፤ ገበያ የሚወርድ በግ ይጫናል፣ ቅራሪ በጀሪካን ይጫናል። ካሶኒውን ሲያጥብ የሚውለው እሱ ነው። አንድ ቀን በሽተኛ ተጭኖ ሲሄድ ሰው ተደግፎበት የካሶኒው የኋላ መዝጊያ ስፖንዳ ተገነጠለ፤ ማንም ይቅርታ አላለም። አስማረም ነገሩን በሆዱ ይዞ ተመለሰ።

በሳምንቱ የአያ ሰጠኝ ሚስት ትርንጎ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ድጡ ጥሏት ዳሌዋ ተሰበረ። ለአስማረ ተደወለ። «ማኪናዋ ጋራዥ ናት፤ ሞተሯ ወርዷል» አለና ዘጋ። ሞተሯ አልወረደም። በዚያው ዕለት ማክሰኝት ገበያ ነድቷት ሄደ፤ የፅዮን ወንድም ሊመረቅ ስለሆነ በጎች ገዝቶ ጫነ። በቅሎ ሊሸጥ ማክሰኝት ድረስ የወረደ አንድ የሳንቃ ሰው ፒካፗን አያት፣ በጎቹንም አያቸው፣ ለአስማረም እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠው። አስማረ ማን እንደሆነ ሳያስታውስ በፈገግታ መለሰለት።

ትርንጎን ዝናብ እየደበደባቸው በቃሬዛ አወረዷት። ዳነች፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ደጅ ወጥታ አታውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቃሬዛው ሰዎች ተሰበሰቡ። ውሳኔውን ለአስማረ በስልክ የነገረችው እናቱን የምትጦረው ታናሽ እህቱ የትነበርሽ ናት።

«እናታችንን ከትከሻ የለሾቹ ደመሯት፣ አያ አስማረ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ወንድ ልጅ የላትም ብለው ወሰኑ።»

አስማረ ሳንቃን ከነአፈሩ ሰደበው። ቢረግሙት፣ ቢከሱት፣ ቢያስቀጡት በስንት ጣዕሙ! እነሱ ግን ቅጣት እንኳ አልጣሉበትም፤ ከናካቴው አልተወለደም ብለው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሳንቃ ሲገባ መስኮት ዘግቶ ነው፤ የአያ ሰጠኝ ደጅ ሲደርስ ክላክሱን አስረዝሞ ይነፋል። አያ ሰጠኝ ደግሞ በልጅነቱ ጆሮውን እየቆነጠጠ «አንተ» ይለው የነበረውን ልጅ በደጁ ሲያልፍ ባየው ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ እያለ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ?» ማለት ጀመረ። ለእንግዳ የሚባለውን። አስማረ ከስድብ ሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነበር።

እንዲህ ተናንቀው ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የትነበርሽ በጧት ደወለች። እናታቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ያስመልሳቸዋል፤ ትኩሳቱም አእምሯቸውን እየወሰደው ነው። አስማረ ሆስፒታል ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ ይህ ዓይነቱ ሆድ ቢላ ካልነካው እንደማይለቅ ያውቃል። አምቡላንስ ከአስፋልቱ አልፎ አይገባም። ፅዮን «ቃሬዛ አስጠርተህ አስፋልቱ ላይ ተቀበላት» ብትለው በዓይኑ ገረመማት፤ የፒካፗን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ዋልካውንም፣ ከዋልካው ቀጥሎ ያለውን ወንዝም እንደ ልማዱ አለፈ። መቆለፊያውን አዞረ፣ ዘንጉን ሳበ፣ እያቃሰተች ወጣች። እናቱ ቤት ደረሰ። ወይዘሮ ወለላ አልጋው ላይ ተኮማትረው የሞቱ ባላቸውን ስም እየጠሩ ይቃዣሉ። እጃቸውን ቢይዛቸው እጁን ገፉት።

የትነበርሽ ደጅ ወጥታ ሰማዩን እያየች ተመለሰች። «ላዩ አገር እየዘነበ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ይመጣል። ሰዎቹ በገመገሙ ይውሰዷት፤ አንተ ባዶውን ነድተህ አስፋልቱ ላይ ጠብቀን» አለችው።

«የነሱን ትከሻ አልለምንም።»

«አንተ ምን አስለመነህ? እሷ እንደሁ በነሱ ሕግ ትከሻ የሌላት ናት፣ ሳይለመኑ ይመጣሉ። ጡሩምባ ላስነፋ።»

«ወንድ ልጅ አላት! ይኸው ቁሜያለሁ!» ብሎ ጮኸባት። እናቱን በጋቢ ጠቅልሎ ታቀፋቸውና ጋቢናው ውስጥ አስገባቸው። በመሐል አስቀምጧቸው የትነበርሽ በበሩ በኩል ደግፋ ያዘቻቸው።

ወንዙ ገና አልመጣም ነበር። ወንዙ ቢመጣ ይሻል ነበር፤ ቆም ይል ነበር። ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ነው ብሎ ገባበት፤ ተሻግሮ ማዶ ያለውን ዋልካ ሲይዝ ግን ጧት ያለፈበት ጭቃ በዝናቡ ሌላ ጭቃ ሆኖ ጠበቀው። ጎማዎቹ ፈተሉ። የነዳጁን መርገጫ ረገጠ። ከፊት በስተቀኝ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የጎማው መቆለፊያ ተሰብሮ ነበር። ፒካፗ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና በሆዷ ተኛች። አስማረ ወርዶ በእጁ ቆፈረ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ጎማ ሥር ወተፈ፣ ቅጠል ቆርጦ አነጠፈ፤ እስከ ደረቱ ጭቃ ሆነ። በገፋት ቁጥር ይበልጥ ሰመጠች። ከማዶው ተረተር ላይ አረም ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው ያዩታል። አንዱም አልወረደም። እሱም አልጠራቸውም።

ከጋቢናው የእናቱ ማቃሰት ሲቆም የትነበርሽ በሩን ከፍታ ወረደች። «አስማረ» አለችው፤ አያ የሚለው የለም። «እኔ ልጠራቸው ነው።» መልሱን ሳትጠብቅ ጫማዋን ጥላ ሽቅብ ሮጠች። ጥቂት ቆይቶ ጡሩምባው ተነፋ።

አያ ሰጠኝ ከፊት፣ ቃሬዛው ከኋላ ሆኖ መጡ። ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም አስማረን ሰላም አላሉም። ቃሬዛው ላይ አጎዛ አነጠፉ፤ ወይዘሮ ወለላን ከጋቢናው ውስጥ እንደ ሕፃን ቀስ ብለው አወጡና አስተኟቸው፤ ዝናቡ እንዳያገኛቸው ገሣ አለበሷቸው። አስማረ ከፊት በኩል ያለውን እንጨት ያዘ። አያ ሰጠኝ መጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቃቸው።

«ይተዉት ጌታዬ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለው። አስማረ የለበሰው ጭቃ እንጅ ልብስ አልነበረም።

«አያ ሰጠኝ፣ የእናቴ ቃሬዛ ነው!»

«የወለላ ቃሬዛ ነው። ወለላ ወንድ ልጅ የላትም፤ ሲወሰን ሰምተዋል።»

«አሁን የምታሳየኝ ቂምህን ነው? እሷ እየሞተች?»

«ቂም ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ? ትርንጎዬ እዚህ ዳገት ላይ ስትጮህ እርስዎ በግ ሲያማርጡ ነበር። እኔ ግን ጡሩምባ ሲነፋ ሞፈሬን ጥዬ መጣሁ። ዘወር ይበሉ።»

አስማረ ገፋው። አያ ሰጠኝ አልተነቃነቀም፤ የወደቀው ገፊው ነው፤ ጭቃው አንሸራትቶት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። የትነበርሽ ግን እነሱን ትታ በሱ ላይ ጮኸችበት፦ «ልቀቃቸው! ትሞትብኛለች፣ ልቀቃቸው!»

ተነሱ። አስማረ ፒካፗን በሯ እንደተከፈተ፣ ቁልፏ እንደተሰካ ትቷት ተከተላቸው።

የገመገሙ መንገድ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ቃሬዛ ተሸካሚ ሲደክመው «ተረኛ!» ይላል፤ አጠገቡ የሚሄደው ወዲያው አንገቱን ከሥር ይከታል፤ ቃሬዛው ሳይቆም፣ በሽተኛውም ሳይታወቀው ይለዋወጣሉ። «ተረኛ!» በተባለ ቁጥር አስማረ ፈጠን ይላል። በፈጠነ ቁጥር ሌላ ሰው ይቀድመዋል። አይገፉትም፣ አይሰድቡትም፤ የሌለ ያህል በጎኑ አልፈው ይገባሉ። ላቡ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ የሱን ግማሽ ዕድሜ የሌላቸውም ሁለት ዕጥፍ ያላቸውም የሱን እናት ተሸክመው ሲያልኸልኹ እሱ ባዶ እጁን ያወዛውዛል። ጠላቸው። በዚያች ሰዓት አንድ በአንድ፣ በስም በስም ጠላቸው። ቃሬዛው ላይ ከገሣው ሥር የወጣችውን የእናቱን እግር እያየ ይሄዳል።

አቀበቱ መጨረሻ አካባቢ፣ ድንጋዩ አሙለጭልጮት፣ ውዱ የሚባለው ተሸካሚ ተንበረከከ። እንጨቱ ከትከሻው ሾልኮ ቃሬዛው ዘመም አለ። አስማረ ማንም ሳይቀድመው ተወርውሮ ከሥር ገባ። እንጨቱ አንገቱን ቆረጠው፤ ክብደቱ እስከ ተረከዙ ወረደ። እናቱ እንደዚህ ይከብዳሉ ብሎ አስቦ አያውቅም። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሊያስከትል ሲል ሌሎቹ እንደቆሙ አወቀ።

«አውርዱ» አለ አያ ሰጠኝ።

ቃሬዛውን እርጥቡ ድንጋይ ላይ አወረዱት። ሁሉም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። የወይዘሮ ወለላ ትንፋሽ ከገሣው ውስጥ አጭር አጭር ሆኖ ይሰማል።

«ምነው ቆማችሁ? ተነሱ እንጅ!» አለ አስማረ።

«ሕግ ነው። ተራ የሌለው ሰው የገባበት ቃሬዛ አይሄድም። እርስዎ ሲወጡ እንነሳለን።»

አስማረ ዙሪያውን አየ፤ የሚያዝንለት ፊት ፈለገ። እንጨቱን እንደያዘ በርከክ ብሎ ነበር። ቢለቅ የሳንቃ ሰው ሁሉ ባለበት ወንድ ልጅ የላትም የሚለውን ቃል በራሱ እጅ ማጽደቁ ነው። ባይለቅ እነዚህ ሰዎች እስኪመሽ ይቆማሉ፤ ያውቃቸዋል፤ ከነሱ ነው የተወለደው። እናቱ አንድ ጊዜ አቃሰቱ። ለቀቀ። ተነስቶ ከመንገዱ ወረደና ቁጥቋጦው ውስጥ ቆመ፤ እነሱም ቃሬዛውን አንስተው በፊቱ አለፉ። ሲያልፉ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ አላፈረም።

የትነበርሽ ደውላ ያስጠራችው አምቡላንስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። የሳንቃ ሰዎች ወይዘሮ ወለላን አስገብተው፣ አጎዛቸውንና ገሣቸውን መልሰው፣ ቃሬዛቸውን ባዶውን ተሸክመው ተመለሱ። አያ ሰጠኝ ለየትነበርሽ «እግዜር ይማርልሽ» አላት። ለአስማረ ባርኔጣውን ብቻ አነሳለት።

ወይዘሮ ወለላ አልሞቱም፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ስላልሆነ አሁኑኑ መናገሩ ይሻላል። አንጀታቸው ተጠማዞ ነበርና በዚያው ዕለት ጎንደር ውስጥ ተቀደው ዳኑ። ነገሩ ያለው አምቡላንሱ ውስጥ ነው። ጉሉኮሱ ሲገባላቸው፣ ትኩሳቱም ጋብ ሲል፣ ጎንደር ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ የትነበርሽን አዩ።

«ሰዎቹስ? እነ ሰጠኝ?» አሉ።

«ተመለሱ እናቴ።»

«አንድ ጣሳ እንኳ ሳይቀምሱ? በዚያ ዳገት ተሸክመውኝ? ወይ ኀፍረቴ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞር ሲሉ ከእግራቸው ሥር ጭቃው ደርቆበት፣ አንገቱ ተልጦ የተቀመጠውን ልጃቸውን አዩ። ትክ ብለው ተመለከቱት። ጋቢናው ውስጥ ማን እንዳስገባቸው፣ ማን እንደታቀፋቸው፣ ማን ሲያብድ እንደዋለ አንዱንም አያውቁም።

«አስማረ ነህ? አንተ ደግሞ መቼ መጣህ?»

አስማረ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሚናገረው ብዙ ነበረው። የትነበርሽ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች።

«አሁን ነው እናቴ» አለ።

«በዚያች ማኪና?»

«አይ። በእግሬ ነው የመጣሁ።»

«ሸጋ አደረግህ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።